የመለማመጃ ጥያቄ ታሪክ፤ ከጉባኤ ቤት እስከ ሥነ ልቡና ፈተና

መግቢያ

የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ ስለ መለማመጃ ጥያቄ ታሪክ ጥቂት መግለጽና፣ በተለይም በሥነ ልቡና ትምህርት የሚዘጋጁት ጥያቄዎች በዋግ ደጋ ለሚገኝ ተማሪ ያላቸውን ጥቅምና ጉዳት መመርመር ነው። ስለ አገራችን ትምህርት የተጻፉት መጻሕፍት ትምህርት ቤቶች የተከፈቱበትን ዓመት፣ የመምህራኑን ዜግነትና የተማሪውን ብዛት በሰፊው ይተርካሉ። ተማሪው ማታ በኩራዝ ብርሃን የሚያገላብጠው የጥያቄ ወረቀት ግን እንደ ታሪክ ማስረጃ ሲቈጠር እምብዛም አይታይም። በእኛ አስተያየት ይህ ቸልታ ተገቢ አይደለም። ተማሪ የሚያጠናው የተነገረውን ሁሉ ሳይሆን ይጠየቃል ብሎ የጠበቀውን ነው። ስለዚህ በአንድ ዘመን ዕውቀት ተብሎ የተከበረው ምን እንደ ነበረ ለማወቅ የሚሻ ሰው የዚያን ዘመን ጥያቄዎች ቢመለከት ብዙ ይማራል።

ለምሳሌ የመረጥነው ስፍራ አምደወርቅ ነው። አምደወርቅ በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን የደሃና ወረዳ ዋና ከተማ ነው። የዞኑ ርእሰ ከተማ ሰቆጣ ሲሆን፣ አገሩ በታሪክ የዋግ ሹሞች ግዛት በመሆን የታወቀ ነው። ከዋግ ሹሞችም አንዱ ጎበዜ፣ ከዐፄ ቴዎድሮስ ሞት በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው እ.ኤ.አ. ከ1868 እስከ 1871 ነግሠዋል። በሰቆጣ አጠገብ ያለው የውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በዚህ አገር ሥር የሰደደ መሆኑን ይመሰክራል። ነገር ግን የዛሬው ተማሪ ከትልልቅ ቤተ መጻሕፍትና ከዩኒቨርሲቲ ርቆ የሚገኝ ስለ ሆነ፣ ለእርሱ የመለማመጃ ጥያቄ የመጽሐፍ ተጨማሪ ሳይሆን ብዙ ጊዜ የመጽሐፉ ምትክ ነው። ጉዳዩን ከበድ ያለ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነጥብ ግልጽ እናድርግ። በአሜሪካ ሥነ ልቡና እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ከፍተኛ ደረጃ ካላቸው የሁለተኛ ደረጃ ፈተናዎች አንዱ ሆኗል፤ በእንግሊዝና በሕንድም ተማሪዎች ከዩኒቨርሲቲ በፊት ይፈተኑበታል። በአገራችን ግን በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሥነ ልቡና በስሙ ተለይቶ አይገኝም። ወደ ተማሪው የሚደርሰው በሌሎች በሮች ነው። አንደኛው አፕቲቲዩድ የሚባለው የማሰብ ችሎታ ፈተና ሲሆን፣ ይህ የሥነ ልቡና ሊቃውንት የፈጠሩት መሣሪያ ነው። ሁለተኛው የመምህራን ሥልጠና ነው። ሦስተኛው ዩኒቨርሲቲ የገባ ሁሉ በመጀመሪያ ዓመት የሚወስደው የጠቅላላ ሥነ ልቡና ትምህርት ነው። የዚህም ትምህርት ጥያቄዎች ቀድሞ በገባ ወንድም ወይም እህት እጅ ወደ መንደር ይወርዳሉ።

ሀ. በጉባኤ ቤት የነበሩት ሁለት ዓይነት ጥያቄዎች

ስለ ሰው ልቡና መጠየቅ ለአገራችን ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያለፈ ልጅ ሁሉ «ሰው ከስንት ባሕርያት ተፈጠረ?» ተብሎ ተጠይቋል። መልሱም ከሰባት ነው። አራቱ የሥጋ ባሕርያት መሬት፣ ውሃ፣ ነፋስና እሳት ናቸው፤ ሦስቱ የነፍስ ባሕርያት ደግሞ ልብ፣ ቃልና እስትንፋስ ናቸው። ከዚህም የተነሣ ነፍስ ልባዊት፣ ነባቢትና ሕያዊት ትባላለች፤ ታስባለች፣ ትናገራለች፣ በሕይወት ትኖራለች ማለት ነው። አምስቱ አዕማደ ምሥጢርም ለሕዝብ ሲሰጡ የሚሰጡት በዚሁ በጥያቄና መልስ መንገድ ነው።

የዘመኑ ተማሪ ሥነ ልቡና የሚለውን ቃል ሲሰማ የውጭ ቃል ትርጉም ብቻ ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን «ልቡና» የግዕዝ ቃል ነው፤ ሥሩም ከሦስቱ የነፍስ ባሕርያት የመጀመሪያው፣ ልብ የተባለው ነው። አራቱን የሥጋ ባሕርያት ስንመለከት ደግሞ ከዚህ የበለጠ የሚያስገርም ዝምድና እናገኛለን። የግሪክ ሊቃውንት ዓለም ከአራት ነገሮች ተሠራ ይሉ ነበር፤ ሐኪሙ ጋሌንም የሰውን ጠባይ ከአራት የሰውነት ፈሳሾች ሚዛን ጋር አያይዞ አስተምሯል። ዛሬ በእንግሊዝኛ የተጻፉ አንዳንድ የሥነ ልቡና መግቢያ መጻሕፍት ስለ ሰብእና በሚናገሩት ምዕራፍ የጋሌንን አራት ጠባያት ያነሣሉ። በእሳት ባሕርይ ሙቀትና ድርቀት፣ በውሃ ባሕርይ ቅዝቃዜና ርጥበት መኖሩን ከመምሬ የሰማ የዋግ ልጅ፣ ያንኑ ትምህርት በዩኒቨርሲቲ እንደ እንግዳ ነገር በቃሉ ይይዛል። ሁለቱ ዘመዳሞች መሆናቸውን የሚያሳየው አንድም ጥያቄ አይቀርብለትም።

እንግዲህ በጉባኤ ቤት የመጀመሪያው ዓይነት ጥያቄ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ተማሪው ይቀበላል፣ በቃሉ ይይዛል፣ ሲጠየቅም ሳያዛንፍ ይመልሳል። በዜማ ቤትም ሥርዓቱ ይህን ይመስላል። ድጓን የተማረ ሰው ለማስመስከር ወደ ጋይንት ቤተልሔም ይወርዳል፤ ዝማሬ መዋሥዕትን የተማረ ወደ ዙር አምባ ይሄዳል። በዚያ የሚፈለግበት የተቀበለውን ቀለምና ዜማ ሳያጎድል ማሰማት ነው። አዲስ ነገር ቢጨምር ስሕተት ይሆንበታል።

ሁለተኛው ዓይነት ጥያቄ ግን በቅኔ ቤት ነው። በዋሸራ፣ በጎንጅና ለዋግ ቅርብ በሆነው በዋድላ የነገሠው የቅኔ ትምህርት ከዜማው ፈጽሞ የተለየ ልምምድ አለው። ተማሪው ግሱንና አገባቡን ከተማረ በኋላ ከሰው ተለይቶ ዛፍ ሥር ይቀመጥና ቅኔ ይቈጥራል። ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ይደርሳል። ከዚያም የቈጠረውን ይዞ ለነገራ ይቀርባል። መምህሩ ወይም በዕድሜና በትምህርት የቀደመው አስነጋሪ ይሰማዋል፤ የሰዋስው ስሕተት ሲኖር ያርማል፣ ምሥጢሩ ሲላላ ይመልሰዋል። ትናንት የተነገረ ቅኔ ዛሬ አይነገርም፤ የባልንጀራን ቅኔ የራስ አድርጎ ማቅረብም ነውር ነው። ስለዚህ ቅኔ ቤት የመልስ ወረቀት የሌለው ትምህርት ቤት ነው ማለት ይቻላል።

ከዚህ የምንረዳው አሮጌው ትምህርት በቃል መያዝ ብቻ ነበር የሚለው የተለመደ ነቀፋ ግማሽ እውነት መሆኑን ነው። በቃል መያዝን የሚፈልገው ጥያቄ ነበር፤ መፍጠርን የሚፈልገውም ጥያቄ አብሮት ነበር። ሁለቱም ስፍራቸው ተለይቶ ይታወቅ ነበር።

ለ. ማትሪክ የመጣበት መንገድ

ዘመናዊው ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1908 በተከፈተው በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትና በ1917 ዓ.ም. በተመሠረተው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት መሠረቱን ጣለ። የፋሺስት ወረራ ሥራውን አቋርጦት ነበር። ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ የቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በኮተቤ፣ ቀጥሎም የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ሲከፈቱ፣ የሁለተኛ ደረጃን ትምህርት የፈጸመውን ተማሪ በምን እንመዝነው የሚል ጥያቄ ተነሣ። መልሱ ከለንደን መጣ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች የለንደን ዩኒቨርሲቲን የማትሪኩሌሽን ፈተና ይወስዱ ነበር። በ1940ዎቹ ግን ፈተናው የኢትዮጵያ ትምህርት ቤት መልቀቂያ ፈተና ተብሎ በአገር ውስጥ ተተካ። በ1943 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም ተማሪዎቹን የሚቀበለው ከዚህ ትምህርት ደረጃ ነበር።

የለንደኑ ፈተና ቢሄድም ስሙ አልሄደም። «ማትሪክ» የሚለው ቃል በሕዝቡ አፍ ቀርቶ፣ መልቀቂያው ፈተና በ1990ዎቹ በ10ኛና በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናዎች ከተተካ በኋላም ይሰማል። ቃሉ ብቻ አልነበረም የቀረው፤ የፈተናው ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆኖ ጸና፤ ያለፉትን ዓመታት የፈተና ወረቀት እየሰበሰቡ መለማመድም ልማድ ሆነ። ሸመደደ የሚለው ግስ በተማሪ ንግግር ዘንድ ክብሩንና ንቀቱን አንድ ላይ የያዘው ከዚህ የተነሣ ይመስለናል። የሸመደደ ያልፋል፤ ነገር ግን ሸምዳጅ መባልን የሚወድ የለም።

የምርጫ ጥያቄ የሚባለው ዓይነት ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። በፈረንሳይ አልፍሬድ ቢኔና ቴዎዶር ሲሞን እ.ኤ.አ. በ1905 ያዘጋጁት የአእምሮ መለኪያ በአንድ መርማሪና በአንድ ልጅ መካከል በቃል የሚደረግ ነበር። የቢኔ ሐሳብ ልጆችን በደረጃ ለመደርደር አልነበረም፤ ተጨማሪ እርዳታ የሚያስፈልገውን ልጅ ለይቶ ለመርዳት ነበር። በዚያው ዘመን በካንሳስ ፍሬድሪክ ኬሊ የንባብ ችሎታን ለመመዘን አንድ ብቻ ትክክለኛ መልስ ያለው ጥያቄ ሠራ፤ ምክንያቱም አራሚዎች የሚሰጡት ነጥብ እርስ በርሱ እንዳይለያይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 አሜሪካ ወደ ጦርነት ስትገባ ሁለቱ መንገዶች ተገናኙ፤ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ወታደሮችም በጅምላ ተፈተኑ። ከዚያ ሥራ የወጣው ካርል ብሪገም እ.ኤ.አ. በ1926 የዩኒቨርሲቲ መግቢያ የአፕቲቲዩድ ፈተናን አዘጋጀ። ይኸው ሰው ቀደም ብሎ የፈተናውን ውጤት በመያዝ ከአንዳንድ አገር የመጡ ሕዝቦች በአእምሮ ያነሱ ናቸው ብሎ ጽፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930 ግን በሌላ ቋንቋ ያደገን ሰው በእንግሊዝኛ ጥያቄ መመዘን ስሕተት መሆኑን ገልጾ ቃሉን መልሷል።

ይህን የብሪገምን ታሪክ በጥብቅ ልንይዘው ይገባናል። የፈተናው መሣሪያ ወደ እኛ መጥቷል፤ የሠሪው ንስሐ ግን አብሮት የመጣ አይመስልም።

ሐ. ሥነ ልቡና በመምህራን ሥልጠና

ሥነ ልቡና በአገራችን ከሁሉ አስቀድሞ የተፈለገው ለመምህራን ነው። ልጅ እንዴት ይማራል፣ ለምን ይረሳል፣ በምን ይተጋል የሚሉት ጥያቄዎች ለሕክምና ሳይሆን ለክፍል ሥራ የተጠየቁ ነበሩ። በአሜሪካ የትምህርት ርዳታ ሥራ ውስጥ በኢትዮጵያ የቈዩት ዶክተር ኢዲት ሎርድ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተሙት ጥናት፣ ዘመናዊ ትምህርት በኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ልማዳዊ እምነት ላይ ያለውን ውጤት በጥያቄ መርምረዋል። ልብ ብለን ብናየው ተማሪው በዚህ ጥናት የሥነ ልቡና ተመርማሪ እንጂ መርማሪ አይደለም። በ1965 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የባሕር ዳር ፔዳጎጂ አካዳሚ ለመምህራን ማሠልጠኛዎች አስተማሪ የሚሆኑትን ሲያዘጋጅ፣ የሥነ ልቡና ትምህርት ከመደበኛ ሥራው አንዱ ነበር። ከዚያም የወጡት ሰዎች በየጠቅላይ ግዛቱና በየክፍለ ሀገሩ ተሠማርተዋል።

ሆኖም ትምህርቱ በየማሠልጠኛው ሲወርድ የጥያቄው መልክ እየጠበበ ሄደ። ለዚህ ማስረጃ የሚሆነን በተማሪዎች እጅ የሚዞረው የጥያቄ ዓይነት ነው። ፓቭሎቭ የየት አገር ሰው ነው? ሙከራውን ያደረገው በየትኛው እንስሳ ነው? የሥነ ልቡና ቤተ ሙከራ በላይፕሲግ የተከፈተው በስንት ዓመት ነው? ቩንት እ.ኤ.አ. በ1879 ከፈተው ብሎ የመለሰ ተማሪ ነጥቡን ያገኛል። ቤተ ሙከራው ለምን እንዳስፈለገ፣ የሰው ሐሳብስ እንደ ድንጋይና እንደ ውሃ ሊመዘን ይችላል ወይ ብሎ የሚጠይቀው ግን የለም። ስለ ልቡና የሚናገረው ትምህርት ከልቡና ኀይላት መካከል አንዱን፣ ማስታወስን ብቻ የሚፈትን ሆነ።

መ. የአምደወርቅ ተማሪ ሁኔታ

አሁን ወደ ዋግ ደጋ እንመለስ። አፉን በአማርኛ ወይም በኽምጣኛ የፈታ ልጅ በመጀመሪያ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይማራል። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ኽምጣኛም የትምህርት ቋንቋ ለመሆን በቅቷል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ግን ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። አፕቲቲዩድ በሚባለው ፈተና ደግሞ ቃላትን ማመሳሰል፣ ከተሰጠ ዐረፍተ ነገር ድምዳሜ ማውጣት ይጠየቃል። ይህ ሁሉ በእንግሊዝኛ ሲሆን የተለካው የማሰብ ችሎታ ነው ወይስ የቋንቋ ልምድ? ብሪገም እ.ኤ.አ. በ1930 የተናገረው በትክክል ይህን ነበር።

ስለ ድምዳሜ ማውጣት የታወቀ ምርመራ አለ። የሶቪየቱ ሊቅ አሌክሳንደር ሉሪያ እ.ኤ.አ. በ1931 እና 1932 በኡዝቤኪስታን ገጠር ፊደል ያልቈጠሩ ገበሬዎችን ጠይቆ ነበር። በረዶ ባለበት በሩቅ ሰሜን ድቦች ሁሉ ነጭ ናቸው፤ ኖቫያ ዜምልያ በሩቅ ሰሜን ነው፤ በዚያ ያለው ድብ ምን ዓይነት ነው? ብሎ ሲጠይቅ፣ አንዳንዶቹ እኛ ያንን አገር አላየንም፣ ያላየነውንም አንናገርም የሚል መልስ ሰጡት። ጥቂት የተማሩት ግን ወዲያው ነጭ ነው ብለው መለሱ። ይህ ሁኔታ የገበሬውን አእምሮ ደካማነት አያሳይም። በእርሱ ዘንድ ያላዩትን መመስከር የሐሰት ምስክርነት ነው፤ በሸንጎ ቆሞ ለሚመሰክር የዋግ ሽማግሌም ነገሩ ከዚህ የተለየ አይሆንም። የተማረው ሰው ያተረፈው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም በወረቀት ላይ ያለውን ቃል ለጊዜው እንደ እውነት ተቀብሎ ማስላት የሚባለውን የትምህርት ቤት ጨዋታ ነው። ጨዋታውም በልምምድ የሚገኝ ነው። ስለዚህ የመለማመጃ ጥያቄ የደረሰው ተማሪ ያልደረሰውን የሚበልጠው በተፈጥሮ ሳይሆን በዕድል ነው።

ዕድሉም በዋግ እኩል አልተከፈለም። በ2013 ዓ.ም. ክረምትና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ዋግ ኽምራን ነክቶ ብዙ ቤተሰብ ተፈናቅሏል፤ ትምህርትም ተቋርጧል። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለመከላከል በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲሰጥ ተደረገ። በዚያ ፈተና ከተቀመጡት 896,520 ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሲሆኑ፣ ይህም ከመቶ 3.3 ነው። በ2016 ዓ.ም. ፈተና ደግሞ 36,409 ተማሪዎች፣ ማለትም ከመቶ 5.4 አለፉ። እነዚህ ቁጥሮች የአገር ናቸው። ነገር ግን መጽሐፍ፣ መብራትና መንገድ በጎደለበት ስፍራ ያለ ተማሪ በውስጣቸው ያለውን ስፍራ መገመት አያዳግትም። ከፈተናው የሚቀድመው ብቸኛ ረዳቱ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ፣ ጠርዙ ተበልቶ፣ የመልሱ ፊደል በእስክሪብቶ የተከበበበት ወረቀት ነው። መልሱ አስቀድሞ የተከበበ ጥያቄ ደግሞ ጥያቄ መሆኑ ቀርቷል።

ሠ. ሥነ ልቡና ራሱ ስለ ልምምድ ምን ይላል?

እዚህ ላይ የጥያቄን ልምምድ ጨርሶ የምንነቅፍ መስሎ እንዳይታይ እንሰጋለን። እንዲያውም የሥነ ልቡና ምርመራ ልምምዱን ያጸድቀዋል። ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 በራሱ ላይ ባደረገው ሙከራ፣ የተጠና ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በብዛት እንደሚረሳና፣ በየጊዜው ተከፋፍሎ የተጠና ግን እንደሚቈይ አሳይቷል። በአሜሪካ ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሙከራ ደግሞ፣ አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡና ካነበቡ በኋላ ራሳቸውን የፈተኑ ተማሪዎች ተወዳደሩ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ራሳቸውን የፈተኑት በልጠው ተገኙ። እንግዲህ መጠየቅ ዕውቀትን የሚለካ ብቻ ሳይሆን ዕውቀትን የሚያጸና ነው። የቃል ተማሪ ከመጽሐፍ ርቆ በጨለማ ቀለሙን ከባልንጀራው ጋር ሲያስታውስ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ነገር ግን በዚህ ሙከራ ተማሪዎቹ የተጠየቁት ያነበቡትን ከራሳቸው አውጥተው እንዲጽፉ እንጂ ከአራት ፊደል አንዱን እንዲያከቡ አልነበረም። ጥቅሙ የሚገኘው ከልብ ፈልጎ በማውጣት ነው። የተከበበ መልስ ማየት ደግሞ እንደ ንባብ ነው፤ ለጊዜው የማወቅ ስሜት ይሰጣል፣ ሳምንት ግን አይከርምም።

ይህን ይዘን ለአምደወርቅ ተማሪ የሚስማሙ ናቸው የምንላቸውን ሦስት የመለማመጃ ጥያቄዎች እናቀርባለን።

1. አንዲት በቅሎ ከዚህ በፊት ጭነት ይዛ የወደቀችበት ገደል አፍ ስትደርስ ትንቀጠቀጣለች። ባለቤቷ አለንጋውን ሲያነሣ ግን ሳይመታት ትራመዳለች። ከእነዚህ ሁለት ነገሮች ፓቭሎቭ ባስተማረው መንገድ የሚገለጸው የትኛው ነው? ስኪነር ባስተማረው የሚገለጸውስ? ምክንያትህን አስረዳ። (መንቀጥቀጡ ስፍራው ከውድቀቱ ጋር በመጣመዱ የመጣ ነው፤ መራመዱ ግን ምቱን ለማምለጥ የተማረችው ሥራ ነው።)

2. አንድ የዜማ ተማሪ ቀለሙን በዜማ ሲያወርደው አይጠፋውም፤ ያለ ዜማ በንባብ በል ሲሉት ግን ይደናቀፋል። የማስታወስ ትምህርት ይህን እንዴት ይገልጸዋል? አንተስ ለፈተና ስታጠና ከዚህ ምን ትማራለህ? (አንድ ነገር ሲጠና አብሮት የነበረው ምልክት ሲታወስም ቢገኝ መንገድ ይከፍታል፤ ምልክቱ ሲጐድል መንገዱ ይጠባል።)

3. አራቱ የሥጋ ባሕርያት ከጋሌን አራት ጠባያት ጋር በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ? የዛሬ የሥነ ልቡና ሊቅ ሁለቱን እንደ ማስረጃ ያልተቀበለበት ምክንያት ምንድን ነው? (ሁለቱም በአራት ቈጥረው የሰውን ሁኔታ ከተፈጥሮ ነገር ጋር ያያይዛሉ፤ ነገር ግን ሊለካና ሊፈተን በሚችል ምልከታ ላይ አልቆሙም።)

እነዚህ ጥያቄዎች ከቀድሞዎቹ ያነሰ ዕውቀት አይፈልጉም። ፓቭሎቭን ያልተማረ የመጀመሪያውን አይመልስም። ይሁን እንጂ ስሙን ብቻ የሸመደደም አይመልሰውም።

የሚነሣው ተቃውሞና መልሱ

እንዲህ ያለ ጥያቄ ለብሔራዊ ፈተና አይመችም፤ የብዙ መቶ ሺህ ተማሪዎችን የጽሑፍ መልስ ማን ያርማል? የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። ተቃውሞው እውነት አለው። ኬሊ የምርጫውን ጥያቄ የፈጠረው አራሚዎች በነጥብ ስለማይስማሙ ነበርና፣ ለብዙ ሕዝብ አንድ ሚዛን ማቆም የፍትሕ ጉዳይ ነው። ገምጋሚው የማያውቀው ተማሪ፣ ከሩቅ ወረዳም ቢመጣ፣ ከከተማ ልጅ ጋር በአንድ ሚዛን መመዘኑ ትንሽ ነገር አይደለም።

ነገር ግን ፈተናና ልምምድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የዘመናችን ስሕተትም ሁለቱን አንድ ማድረጉ ነው። የፈተናው ወረቀት በመኪና ይታረማልና የምርጫ ጥያቄ ቢሆን ይገባዋል። ልምምዱ ግን መኪና አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ሰሚ ጆሮ ነው። በቅኔ ቤት መምህሩ አንድ ሲሆን ተማሪው ብዙ ነበር፤ ይህን ችግር ያቃለለው አስነጋሪ ነው። አስነጋሪ ደመወዝ የለውም፤ ትናንት እርሱ የተነገረበትን ዛሬ ለታናሹ ይሰማል፣ በመስማቱም ራሱ ይማራል። ይህ ሥርዓት በ12ኛ ክፍል ተማሪና በ11ኛ ክፍል ተማሪ መካከል ሊሠራ ይችላል። ወረቀት ባይኖር በቃል ይሆናል፤ መብራት ባይኖርም ይሆናል። በአምደወርቅ ላለ ተማሪ ከፎቶ ኮፒ የሚረክሰው ይህ ነው።

ቋንቋውን በሚመለከት ደግሞ ልምምዱ በአማርኛ ወይም በኽምጣኛ ተጀምሮ በእንግሊዝኛ ቢፈጸም ጥቅም እንጂ ጉዳት አይገኝበትም። ነገሩን ያልተረዳ ሰው ቃሉን ቢሸመድድ ምን ይረባዋል? የተረዳውን ነገር ግን በሌላ ቋንቋ ለመናገር የሚጐድለው ቃል ብቻ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ ከተመለከትነው ታሪክ የምንደርስበት ድምዳሜ ይህ ነው። የቀድሞው ትምህርታችን መልሱ የታወቀ ጥያቄና መልሱ በየቀኑ የሚፈጠር ጥያቄ ነበሩት። ዘመናዊው ትምህርት ከለንደን ማትሪኩሌሽን እስከ አፕቲቲዩድ ባደረገው ጉዞ የመጀመሪያውን ወርሶ አሰፋው፤ ሁለተኛውን ግን ከቅኔ ቤት በር ላይ ትቶት አለፈ። ስለ ሰው ልቡና በሚናገር ትምህርት ይህ ጉድለት ከሌላው ትምህርት ሁሉ የባሰ ነው፤ ልቡናን የሚያጠና ሰው የራሱን ልቡና ሳያሠራ ሊያጠናው አይችልምና።

ስለዚህ ወደየአገራችን ለዕረፍት የምንመለስ ተማሪዎች ለታናናሾቻችን የምናቀብለው የጥያቄ ወረቀት መልሱ ያልተከበበበት እንዲሆን፣ ከወረቀቱም ጋር አንድ ሰዓት ተቀምጠን ምክንያታቸውን እንድንሰማ እንመክራለን። መምህራኖቻችንም ለመለማመጃ ጥያቄ በሚያዘጋጁበት ጊዜ ምሳሌውን ከፓቭሎቭ ውሻ ብቻ ሳይሆን ከተማሪው ደጃፍ እንዲያነሡ በአክብሮት እናሳስባለን። ሰው ከስንት ባሕርያት ተፈጠረ ተብሎ ከሰባት ያለ ልጅ፣ ቀጥሎ «እንዴት ታውቃለህ?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባዋል። የሥነ ልቡና ትምህርት የሚጀምረው ከዚህ ሁለተኛ ጥያቄ ነው።